ወስፌ የማይበሳው አፈር፦ የጥንቷ ቻይና ግንቦች እንዴት ተሠሩ?

በ413 ዓ.ም. በሰሜን ቻይና፣ በረሃው ከእርሻ መሬቱ በሚገናኝበት ቦታ፣ ሄሊያን ቦቦ የሚባል ንጉሥ አዲስ መናገሻ ከተማ ማሠራት ጀመረ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።) ከተማዋን ቶንግዋን ብሎ ሰየማት። «ዓለሙን ጠቅልሎ እልፍ አገር መግዛት» እንደማለት ነው። ለሥራው 100,000 ሰው ተሰበሰበ። አሠሪው ቺጋን አሊ የሚባል ሹም ነበር። እጀ ብልህ፣ ግን ጨካኝ ሰው እንደነበር ዜና መዋዕሉ ይናገራል።

ይህ ሹም ሥራውን የሚፈትነው በወስፌ ነበር። ሠራተኞቹ አንዱን ክፍል ጨርሰው ሲያስረክቡ ወስፌ በግንቡ ላይ ይሰካል። ወስፌው የአውራ ጣት ስፋት ያህል ከገባ፣ ያንን ክፍል የሠሩት ሰዎች ይገደላሉ። ሬሳቸውም ከግንቡ ጋር አብሮ ይገነባል ይላል ዜና መዋዕሉ።

ታሪኩ ይዘገንናል። ግን ቶንግዋን ዛሬም ቆማለች። ከ1,600 ዓመት በኋላ ነጣ ያሉት ማማዎቿ ከአሸዋው መሃል ብቅ ብለው ይታያሉ። የአካባቢው ሰው ነጯ ከተማ ይላታል። ቀርቦ የነካው ሰው ድንጋይ የነካ ይመስለዋል። ድንጋይ ግን አይደለም። አፈር ነው።

ስለ ቻይና ግንቦች ስናወራ ከዚህ መነሳት ያለብን ይመስለኛል። «ታላቁ የቻይና ግንብ» ሲባል አብዛኞቻችን ዓይናችን ላይ የሚመጣው አንድ ፎቶ ነው። አረንጓዴ ተራራ፣ ተራራው ላይ እንደ እባብ የሚጠማዘዝ ግራጫ የጡብ ግንብ፣ በየመሃሉ ማማ። ያ ፎቶ ውሸት አይደለም። ግን የአንድ ዘመንና የአንድ አካባቢ ፎቶ ነው። ከቤጂንግ ወጣ ብሎ ያለው፣ በሚንግ ነገሥታት ዘመን የተሠራው ክፍል ነው። ከዚያ በፊት ከ2,000 ዓመት በላይ የቻይና ምሽግ ማለት በአብዛኛው አፈር ነበር። በሚንግ ዘመንም ቢሆን ጡቡ ልብስ ነው። ሥጋው አፈርና ድንጋይ ነው።

ደግሞም ግንቡ አንድ አይደለም። ብዙ መንግሥታት፣ በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ መስመር የሠሯቸው ብዙ ግንቦች ናቸው። አንዳንዶቹ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ አንዳንዶቹ ይቋረጣሉ። የቻይና መንግሥት በ2012 ይፋ ባደረገው ልኬት የሁሉም ዘመን ግንቦች ሲደመሩ 21,196 ኪሎ ሜትር ሆነዋል። የሚንግ ዘመኑ ብቻውን 8,850 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚህም ውስጥ 2,232 ኪሎ ሜትሩ ሰው የሠራው ግንብ አይደለም። ገደል፣ ወንዝና ተራራ ነው። ተፈጥሮ የሠራችውን ለምን ይድገሙት?

አፈር እንዴት ድንጋይ ይሆናል?

ልጅ ሆኜ አያቴ ግቢ ማድ ቤት ሲመረግ አይቻለሁ። ጭቃው በውሃ ይርሳል፣ ጭድ ይነሰነስበታል፣ በእግር ይረገጣል። ከዚያ ቀናት ይቦካል። አያቴ ጭቃውን በእጇ ጨብጣ እያየች «ገና ነው» ትል ነበር። እኔ ጭቃ ጭቃ ይመስለኝ ነበር። ለእሷ ግን የደረሰና ያልደረሰ ጭቃ ነበር።

የቻይናዎቹ ዘዴ ከእኛ ምርጊት ይለያል። እነሱ አፈሩን አያቦኩትም፣ ይጠቀጥቁታል። ቃሉ ቀላል ነው፣ ሥራው ግን ጉልበት ይጨርሳል።

እንዲህ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ የግንቡ መስመር በገመድ ይለካል። መሠረቱ ይቆፈራል፣ እሱም ራሱ ይጠቀጠቃል። ቀጥሎ በግራና በቀኝ ምሰሶ ይተከልና ሳንቃ ይደረደራል። ዛሬ ኮንክሪት ሊሞላ ሲል ሣንቃ እንደሚመታው ማለት ነው። በሁለቱ ሣንቃዎች መሃል አፈር ይፈሳል። ብዙ አይደለም፣ አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም። ከዚያ ሰዎች እላዩ ላይ ይወጡና ረጅም እጀታ ባለው የእንጨት ወይም የድንጋይ መጠቅጠቂያ ይወቅጡታል። ይወቅጡታል፣ ይወቅጡታል። አፈሩ እየጠበቀ ሲሄድ ድምፁ ይለወጣል። መጀመሪያ የታፈነ ድምፅ ነበረው። ሲጠብቅ ጥርት ያለ ይሆናል።

ያ ንብርብር ሲያልቅ ሌላ አፈር ይፈሳል። ሣንቃው ሲሞላ ይፈታና ወደ ላይ ከፍ ተደርጎ እንደገና ይታሰራል። ግንቡ እንደዚህ ነው የሚያድገው፣ እንደ ሕብስት ድርብርብ ሆኖ። ዛሬ የፈረሰ ግንብ በጎኑ ሲታይ ንብርብሮቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ብዙዎቹ ውፍረታቸው ከ10 ሳንቲሜትር ብዙም አይርቅም።

ዘዴው ጥንታዊ ነው። ዠንግዡ በምትባለው ከተማ ከዛሬ 3,500 ዓመት ገደማ በፊት፣ በሻንግ ነገሥታት ዘመን የተሠራ ቅጥር አለ። ዙሪያው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሥሩ 20 ሜትር ያህል ይሰፋል። አርኪዮሎጂስቶች ንብርብሮቹን ገልጠው ሲያዩ ያገኙት ነገር ይገርመኛል። ትንንሽ ክብ ጉድጓዶች። አንዱ ከአንዱ ተጠጋግቶ፣ መሬቱን ሞልቶት። የመጠቅጠቂያው አሻራ ነው። ስሙን ማንም የማያውቀው ሰው ከ3,500 ዓመት በፊት እጁን አንስቶ ሲያወርድ የቀረ ምልክት።

ለምን ይጠነክራል? አፈር ሲታይ ሙሉ ይመስላል እንጂ ውስጡ ብዙ አየር ነው። ሲወቀጥ አየሩ ይወጣል። ቅንጣቶቹ ይጠጋጋሉ። ደቃቁ ሸክላ አፈር በትልልቆቹ ቅንጣቶች መሃል ይገባና እንደ ሙጫ ይይዛቸዋል። ቁልፉ ያለው ግን እርጥበቱ ላይ ነው። አፈሩ በጣም ደረቅ ከሆነ ቢወቀጥም አይያያዝም፣ ይበናል። በጣም ከረጠበ ደግሞ ከመጠቅጠቂያው ሥር ይሸሻል። ልክ የሆነው አፈር በእጅ ሲጨበጥ ይያዛል፣ መሬት ላይ ሲጣል ይበተናል። ይህን ፈተና በየአገሩ አፈር የሚጠቀጥቁ ሰዎች ያውቁታል። አያቴም እኮ ያን ጊዜ በእጇ ጨብጣ የምታየው እርጥበቱን ነበር።

ቻይና በዚህ በኩል ዕድለኛ ናት። በሰሜኑ ክፍል ነፋስ ለብዙ ሺህ ዘመናት ያከማቸው ደቃቅ ቢጫ አፈር አለ። ቢጫው ወንዝ ስሙን ያገኘው ከዚህ አፈር ነው። ሲቆረጥ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የሚቆም አፈር ነው። ሰዎች እስከ ዛሬ እየፈለፈሉ ቤት ይሠሩበታል። ለመጠቅጠቅ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ቶንግዋን ልመለስና፣ ዜና መዋዕሉ ግንቡ የተሠራው «በተነፈረ አፈር» ነው ይላል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ በትልቅ ድስት አፈር ሲቀቀል ይታየዋል። እንቆቅልሹ የሚፈታው ግንቡ ውስጥ ያለውን ነገር ሲያዩ ነው። አሸዋ፣ ሸክላ አፈርና ኖራ ነው። የተቃጠለ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ እንፋሎት ይለቃል። ከሩቅ ያየ ሰው አፈሩ እየተቀቀለ ነው ቢል አይፈረድበትም። ያ ኖራ ነው ግንቡን ነጭ ያደረገው። ወስፌውንም የመለሰው እሱ ነው።

እግርህ ሥር ያለውን አንሳ

የጥንት ቻይና ግንበኞችን አንድ ደንብ ይገዛቸው ነበር ብል አልሳሳትም። ከሩቅ አታምጣ። ተራራ ላይ ከሆንክ በድንጋይ ሥራ። ሜዳ ላይ ከሆንክ አፈር ጠቅጥቅ። በረሃ ላይ ከሆንክስ? ለመጠቅጠቅ የሚሆን አፈር የለም። ያለው ጠጠርና አሸዋ ነው። ጠጠር ደግሞ አይያያዝም።

የሐን ነገሥታት ይህ ጥያቄ ገጥሟቸዋል። አፄ ዉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ141 እስከ 87 ድረስ ሲገዛ ድንበሩን ወደ ምዕራብ ገፋው። ሐር የሚጫንበትን መንገድ ዢዮንግኑ ከሚባሉት የሰሜን ዘላን ፈረሰኞች መጠበቅ ነበረበት። ስለዚህ ግንቡ በምዕራብ ያለችውን የዱንኋንግን ከተማ አልፎ በረሃው ውስጥ ገባ።

ግንበኞቹ ዙሪያቸውን አዩ። በረግረጉ ዳር ሸምበቆ አለ። በረሃው ላይ ቁጥቋጦ አለ። ሸምበቆውን አጭደው አነጠፉት። እላዩ ላይ ጠጠርና አሸዋ አፈሰሱ፣ ጠቀጠቁት። እንደገና ሸምበቆ፣ እንደገና ጠጠር። ሸምበቆው ጠጠሩ እንዳይንሸራተት አቅፎ ይይዘዋል። ጭድ በምርጊት ጭቃ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ይህንኑ አይደል? በዚያ ላይ የአካባቢው ውሃ ጨዋማ ነው። ሲደርቅ ጨው ጠጠሩን ያያይዘዋል። ዝናብ ከስንት አንዴ ስለሚጥል ሸምበቆው አልበሰበሰም። ከ2,000 ዓመት በኋላ ዩመን በር አካባቢ የግንቡ ቅሪት ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ቆሟል። ሸምበቆው ዛሬም በጎኑ ብቅ ብቅ ብሎ ይታያል።

ከግንቡ አጠገብ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በሥርዓት የተደረደረ የሸምበቆ ክምር። የግንቡ አካል አይደለም። ማገዶ ነው። ጠላት ሲመጣ ተለኩሶ ለሚቀጥለው ማማ ምልክት እንዲሰጥ የተዘጋጀ። ጨውና አሸዋ ድንጋይ አድርጎታል። ያልተለኮሰ ማገዶ ነው፣ ምልክቱን እየጠበቀ እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

ያ የበረሃ ግንብ ጠላትን በቁመቱ ብቻ የሚያስቆም አልነበረም። ሥራው ማዘግየትና መረጃ መስጠት ነበር። ፈረሰኛ ከብትና እህል ዘርፎ በፍጥነት መመለስ ይፈልጋል። ግንቡ ፈረሱን ያስቆመዋል። ወታደሮቹ በግንቡ ዳር አሸዋውን በየቀኑ እያለሰለሱ ያስተካክሉት ነበር። ሌሊት ሰው ከተሻገረ ዱካው ጠዋት ይታያል። በእንጨት ቁራጮች ላይ የተጻፉ የዚያ ዘመን መዝገቦች ተገኝተዋል። ማን ዱካ እንደተመለከተ፣ ማን ጥሬ ጡብ እንደሠራ፣ ማን ማገዶ እንደሰበሰበ ይዘረዝራሉ። የወታደሩ ቀን በአብዛኛው ያለፈው በውጊያ ሳይሆን በእንዲህ ያለ ሥራ ነው።

ግንብ ከመጠቅጠቁ በፊት ይቆጠራል

ስለ ቴክኒኩ ብዙ ይወራል። እኔን ከቴክኒኩ በላይ የሚደንቀኝ ሒሳቡ ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ598፣ ቻይና ገና በብዙ መንግሥታት ተከፋፍላ ሳለች፣ የቹ መንግሥት አንድ ከተማ ቅጥር ሊያሠራ ነበር። ሹሙ መጀመሪያ ምን እንዳደረገ ተጽፏል። ሥራውን ለሠራተኛ አካፈለ። ሣንቃና ምሰሶውን አስተካከለ። ቅርጫትና መጠቅጠቂያ ቆጠረ። አፈሩ ከየት እንደሚመጣ፣ ርቀቱ ስንት እንደሆነ አሰላ። ስንቅ አዘጋጀ። ለየክፍሉ አለቃ መደበ። ከዚያ ሥራው ተጀመረና በ30 ቀን አለቀ። ልክ እንደታቀደው። ዛሬ የኮንስትራክሽን ሥራ ላይ ያለ ሰው ይህን ሲያነብ የሚያዝን ይመስለኛል።

ሁለተኛው ምሳሌ ሕግ ነው። በ1975 በሁቤይ ግዛት ከአንድ የመንግሥት ጸሐፊ መቃብር ውስጥ ከ1,000 በላይ የቀርከሃ ቁራጮች ተገኙ። የቺን መንግሥት ሕጎች ተጽፈውባቸዋል። አንዱ ሕግ ስለ ቅጥር ሥራ ነው። የተሠራው ቅጥር ለአንድ ዓመት ዋስትና አለው ይላል። ዓመት ሳይሞላው ከፈረሰ ያሠራው ሹም ይጠየቃል። ሠራተኞቹም ተመልሰው ይሠሩታል። ያ ጉልበታቸው ደግሞ ከግዳጅ ሥራቸው ቀን ላይ አይታሰብላቸውም። ዛሬ ኮንትራክተር የሚፈርመውን የዋስትና ጊዜ እነሱ ከ2,200 ዓመት በፊት ጽፈውታል። ልዩነቱ፣ የእነሱ ሠራተኛ መፈረምም አለመፈረምም አይችልም ነበር።

ሠራተኛው ማን ነበር? ወታደር፣ በግዳጅ የተጠራ ገበሬና እስረኛ። በቺን ሕግ «ቅጥር መሥራት» ራሱ የቅጣት ስም ነበር። ሰው ተፈርዶበት ወደ ግንብ ይላካል።

የቺን ንጉሥ የነበረውና የቻይና የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት የሆነው ቺን ሺ ኋንግ አገሩን አንድ ያደረገው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221 ነው። ስድስት ዓመት ቆይቶ ጄኔራል መንግ ቲያንን ከ300,000 ሰው ጋር ወደ ሰሜን ላከው። መንግ ቲያን ሁሉንም ከዜሮ አልጀመረም። የቀድሞዎቹ የዣዎ፣ የያንና የቺን መንግሥታት የየራሳቸው ግንብ ነበራቸው። እሱ እነዚያን ጠገነ፣ አገናኘ፣ የጎደለውን ሞላ። ንጉሡ ሲሞት በቤተ መንግሥት ሴራ ራሱን እንዲያጠፋ ተፈረደበት። ጥፋቴ ምንድን ነው ብሎ ሲያስብ፣ ይህን ያህል መሬት ስቆፍር የምድርን ደም ሥር ሳልቆርጥ አልቀረሁም አለ ይባላል። ታሪክ ጸሐፊው ሲማ ቺያን ግን አልተቀበለውም። ግንቡን አይቶት ነበርና፣ ጥፋትህስ የሕዝቡን ጉልበት እንደዋዛ ማየትህ ነው ብሎ ፈረደበት። እኔም ከሲማ ቺያን ጋር ነኝ።

በሕዝቡ ዘንድ ደግሞ የመንግ ጂያንግ ታሪክ ቀረ። ባሏ ለግንቡ ሥራ ተወስዶ የቀረባት ሴት ናት። የክረምት ልብስ ይዛለት ስትሄድ ሞቶ ደረሰች። አለቀሰች። በእንባዋ ግንቡ ተናደ ይላል ተረቱ። ስለ ቺን ግንብ ሕዝቡ ለልጅ ልጁ የነገረው ስለ ቁመቱና ስለ ርዝመቱ አይደለም፣ ስለዚህች ሴት ነው።

ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ነገር አለ። ሬሳ ግንቡ ውስጥ ተቀብሯል ወይ? በታላቁ ግንብ ውስጥ የተቀበረ አፅም አልተገኘም። ከሥራው አንጻርም አያስኬድም። ሬሳ ሲበሰብስ ባዶ ቦታ ይተዋል፣ የተጠቀጠቀው አፈርም በዚያ በኩል ይሰነጠቃል። የሞቱት ብዙ ናቸው፣ የተቀበሩት ግን ከግንቡ ዳር ነው።

ጡብ፣ ኖራና የሩዝ አጥሚት

አሁን ወደ ፎቶው እንምጣ። ሚንግ ከ1368 እስከ 1644 ገዛ። በ1449 አንድ ትልቅ ውርደት ደረሰበት። ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ ጦር መርቶ ወጥቶ ቱሙ በሚባል ቦታ በሞንጎሎች ተማረከ። ከዚያ በኋላ ወጥቶ ከመውጋት ይልቅ አጥሮ መጠበቅ የሚለው ሐሳብ አየለ።

በ1474 ዩ ዚጁን የሚባል ሹም 40,000 ሰው አሰልፎ በኦርዶስ በረሃ ዳር 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ግንብ በጥቂት ወራት ሠራ። እንዴት? አፈር ነዋ። ከአጠገቡ ተቆፍሮ እዚያው ይጠቀጠቃል። የተቆፈረው ጉድጓድ ራሱ ቦይ ሆኖ ሌላ መከላከያ ይሆናል።

የቤጂንግ አካባቢ ግን ሌላ ነገር ያስፈልገው ነበር። በ1550 የሞንጎሎቹ መሪ አልታን ካን እስከ ቤጂንግ ደጃፍ ድረስ መጥቶ ዘረፈ። ያኔ የተራራው መስመር በድንጋይና በጡብ እንዲጠናከር ሆነ። የእነዚህ ግንቦች ሥር ብዙውን ጊዜ በልክ የተጠረበ ድንጋይ ነው። ውስጡ በአፈር፣ በድንጋይ ስብርባሪና በኖራ ይሞላል፣ ይጠቀጠቃል። ውጪው ጡብ ይለብሳል። ከላይ እንደገና ጡብ ይነጠፋል። ከቤጂንግ አጠገብ ባዳሊንግ በሚባለው ክፍል ግንቡ ከሥሩ 6.5 ሜትር፣ ከላይ 5.8 ሜትር ያህል ይሰፋል። ወደ ላይ ጠበብ ማለቱ እንዳይገለበጥ ነው። ተዳፋቱ ሲበረታ ደግሞ ድንጋዩ ተዳፋቱን ተከትሎ አይነጠፍም። እንደ ደረጃ አግድም ይደረደራል። አለበለዚያ በራሱ ክብደት ይንሸራተታል።

የአንዱ ጡብ ክብደት ከ10 ኪሎ በላይ ነው። ጡቡ በተቻለ መጠን የሚቃጠለው ከግንቡ አጠገብ በተሠራ ምድጃ ነው። ከዚያ በትከሻ፣ በአህያ፣ በቅርጫት ተራራ ይወጣል። መንገዱ ሲጠብ ሰዎች ተሰልፈው ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብሉታል።

ጡቡን ከጡብ የሚያያይዘው ነገር ነው የዚህ ዘመን ትልቁ ብልሃት። ኖራ ብቻውን ማያያዣ ይሆናል። የጎንደርን ግንቦች ያየ ሰው የኖራን ጉልበት ያውቃል። ቻይናዎቹ ግን በኖራው ላይ የሩዝ አጥሚት ጨመሩበት። ሲበስል እርስ በርሱ የሚጣበቅ የሩዝ ዓይነት አለ። እሱን ቀቅለው፣ ወፍራም አጥሚት አድርገው፣ ከኖራው ጋር ለወሱት።

ለምን እንደሚሠራ በደንብ የተገለጸው በቅርቡ ነው። የዠጂያንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010 ባወጡት ጥናት ነገሩን አብራርተውታል። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስቦ ተመልሶ እንደ ድንጋይ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ጥቃቅን ክሪስታሎች ይፈጠራሉ። ክሪስታሎቹ ብቻቸውን ሲሆኑ እየተለቁ ይሄዳሉ፣ በመሃላቸው ክፍተት ይቀራል። የሩዙ ስታርች ግን እንዳይተልቁ ይይዛቸዋል። ትንንሽና የተጠጋጉ ሆነው ይቀራሉ፣ ክፍተቱን ራሱ ስታርቹ ይሞላዋል። ስለዚህ ማያያዣው አይሰነጠቅም፣ ውሃም በቀላሉ አያስገባም። ያን ዘመን ይህን ክሪስታል ያየ ሰው የለም። እየሞከሩ፣ የፈረሰውን እያዩ የደረሱበት ነው።

ይህ ማያያዣ የግንቡ ብቻ አልነበረም። በቅጥሮችና በመቃብሮችም ገብቷል። የሺአን ከተማ ቅጥር ዙሪያው 13.7 ኪሎ ሜትር፣ ቁመቱ 12 ሜትር ነው። የታችኛው ንብርብሩ አፈር፣ ኖራና የሩዝ አጥሚት አንድ ላይ ተጠቅጥቆ የተሠራ ነው።

የናንጂንግ ቅጥር ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። የመጀመሪያው የሚንግ ንጉሥ ዡ ዩዋንጃንግ ያሠራው ነው። 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ጡቡ የመጣው በያንግትዜ ወንዝ ዳርና ዳር ካሉ ብዙ አውራጃዎች በጀልባ ተጭኖ ነው። እዚያ ያለውን ጡብ ጠጋ ብለህ ብታየው ጎኑ ላይ ጽሑፍ አለ። የአውራጃው ስም፣ የሹሙ ስም፣ የጸሐፊው ስም። ዝቅ ሲል የመንደሩ አለቃ። ጡቡን ያቃጠለው ሰው። ጭቃውን የሠራው ገበሬ። ሁሉም በስማቸው። ጡቡ ከተሰነጠቀ ማን እንደሚጠየቅ ይታወቃል።

ያ ስም የተጻፈው ለክብር አልነበረም፣ ለቅጣት ነበር። ዛሬ ግን ስናነበው ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። በየትኛውም ታሪክ ላይ ሊጻፍ የማይችል ድሃ ገበሬ ስሙ በጡብ ላይ 600 ዓመት ኖረ። በታላቁ ግንብ ጡቦች ላይም ጽሑፍ አለ፣ እዚያ ግን የጭፍራው ስም ነው። ጂንሻንሊንግ በሚባለው የግንቡ ክፍል «በዋንሊ ዘመነ መንግሥት በ6ኛው ዓመት የዠንዉ ጦር ቀኝ ክንፍ ሠራው» የሚል ይነበባል። 1578 ማለት ነው።

ማማው ለምን ውስጡ ባዶ ሆነ?

ቺ ጂጓንግ የሚባል ጄኔራል በ1568 ወደ ሰሜኑ ግንብ ተዛወረ። በደቡብ ጠረፍ የባሕር ወንበዴዎችን የወጋ ሰው ነው። ግንቡን ዞሮ ሲያይ አንድ ችግር አየ። ወታደሮቹ በፀሐይና በበረዶ ግንቡ ላይ ቆመው ይውላሉ። መጠለያ የላቸውም። ባሩድና ስንቅ የሚቀመጥበት ቦታ በአጠገባቸው የለም። ጠላት በአንድ በኩል ሰብሮ ከገባ ሁሉም ይሸሻል።

መፍትሔው ውስጡ ባዶ የሆነ የጡብ ማማ ነበር። ከ30 እስከ 50 ወታደር ያድርበታል። ታች ስንቅና ባሩድ፣ ከላይ መስኮት፣ መስኮቱ ላይ ቀስተኛና ተኳሽ። ማማዎቹ ከግንቡ መስመር ወጣ ብለው ስለሚሠሩ በግንቡ ሥር የተጠጋን ጠላት ከጎን መምታት ይቻላል። በጥቂት ዓመታት 1,200 ያህል ተሠሩ። የሠሩትም ራሳቸው ወታደሮቹ ናቸው። ለራስህ መኖሪያ ስትሠራ ደግሞ እጅህ ይጠነቀቃል።

የምልክቱ ሥርዓትም ረቀቅ ያለ ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በወጣ ደንብ ጠላት 100 ያህል ከሆነ አንድ ጭስና አንድ መድፍ። 500 ከሆነ ሁለት። ከ1,000 በላይ ሦስት። 5,000 አራት። 10,000 ሲሆን አምስት። ሌሊት በጭሱ ፋንታ እሳት። ያየው ማማ ለሚቀጥለው ይደግመዋል።

ጠላቱ ሌላ ነው

ግንቡን በብዛት ያፈረሰው የሞንጎል ፈረሰኛ አይደለም። ውሃ ነው። ግንበኞቹ ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የሚንግ ግንብ ላይ የሄደ ሰው ወለሉ ትንሽ ዘንበል ያለ መሆኑን ያስተውላል። ዝናቡ በዚያ ተዳፋት ሄዶ በቦይ ይሰበሰብና በድንጋይ አሸንዳ በኩል ከግንቡ ራቅ ብሎ ይፈሳል። አሸንዳው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውስጥ በኩል ነው። በውጭ በኩል ቢሆን ለጠላት መያዣ ይሆነዋል። ውሃ በጡቡ ስንጥቅ ገብቶ ውስጡን አፈር ካራሰ፣ በክረምት ውሃው በረዶ ሆኖ ይለጠጣል። ጡቡን ከውስጥ ይገፋዋል። ልብሱ ይቀደዳል።

የአፈሩ ግንብ ልብስ የለውም ብለን እናስብ ይሆናል። በ2023 መጨረሻ የወጣ ጥናት ግን የሚያስደስት ነገር አሳየ። ተመራማሪዎች በደረቁ የሰሜን ቻይና ክፍል ያለውን የአፈር ግንብ ሲያጠኑ፣ ካዩት ውስጥ 67 በመቶው በስስ ሕያው ቆዳ ተሸፍኖ አገኙት። ሳረንስ፣ የድንጋይ ሽበትና በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ናቸው። ሥር ሰደው ግንቡን ይሰነጥቁታል ተብሎ ይፈራ ነበር። ሲለካ ግን የተሸፈነው ክፍል ካልተሸፈነው ይበልጥ ጠንካራ ሆኖ ተገኘ። ቆዳው ቅንጣቶቹን አያይዞ ከነፋስና ከዝናብ ይጠብቃቸዋል። ማንም ሳያዝዘው የበቀለ ልብስ ነው።

ከውሃ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ነው። በዚያው በ2023 በሻንሺ ግዛት ሁለት ሰዎች ለማሽናቸው አቋራጭ መንገድ ፈልገው አንድ የሚንግ ዘመን ግንብ በኤክስካቫተር ሰንጥቀውታል። ያን አፈር ሰው በእጁ እየወቀጠ ንብርብር በንብርብር ነበር ያቆመው።

ከዚያ በፊትም ለረጅም ዘመን ገበሬዎች ጡቡን እየነቀሉ ወስደዋል። በ1960ዎቹና 70ዎቹ ይህ የተለመደ ነበር። ለቤት ግድግዳ፣ ለአጥር፣ ለአሳማ ጋጣ። በአንዳንድ የሰሜን ቻይና መንደሮች ከቤቱ ግድግዳ ላይ ትልቅ ግራጫ ጡብ ዛሬም ይታያል። ከመንደሩ በላይ፣ ኮረብታው ላይ፣ ጡቡ የተገፈፈበት ግንብ አለ። ቢጫ ነው። ጎኑ ላይ ንብርብሮቹ ይቆጠራሉ።